ልጅዎ ያወቀው ፊደሉን ነው ወይስ ዜማውን?



በዛሬው ዝግጅታችን የምንነጋገረው ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ዕድሜ ስላላቸው ልጆቻችንና ስለ ፊደል ይሆናል። እዚህ ደጀን ሕፃናትን በምናስተምርበት ሥፍራ ከወላጆች ዘንድ ደጋግሞ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። «መምህር፣ ልጄ ሀሁን ከላይ እስከ ታች አንድም ሳይስት ያነበንበዋል፤ ከመካከል አንዱን ነጥዬ ስጠይቀው ግን አያውቀውም። ምን ሆኖብኝ ነው?» ይላሉ። የመድረሳ ኡስታዞችም ከዚህ የማይርቅ ነገር ይነግሩናል። ልጁ «አሊፍ፣ ባ፣ ታ፣ ሣ» እያለ እስከ «ያ» ድረስ እንደ ውኃ ይጠጣዋል፤ ቃዒዳው ሲገለጥለት ግን ባን ከታ ለመለየት ይቸገራል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ወላጅ ልጁ ፈዛዛ ይመስለዋል። የሚቆጣም፣ ጆሮ የሚቆነጥጥም አይጠፋም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ልጁ የተሰጠውን ትምህርት በሚገባ ይዟል፤ የተሰጠው ግን ዜማው ነው። ጣቱ በገበታው ላይ የሚሄደው ዜማውን ተከትሎ እንጂ ፊደሉን አይቶ አይደለም።

ይህን ለማረጋገጥ ለሚሻ ወላጅ ቀላል መፈተኛ አለ። ከሳሙና ካርቶን ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው ቁራጭ ወስዳችሁ በመካከሉ አንድ ፊደል ብቻ የሚያሳይ ቀዳዳ ቅደዱ። ካርቶኑን በፊደል ገበታው ላይ እያዘዋወራችሁ «ይህ ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ ወዲያው ከመለሰ ፊደሉን ያውቀዋል። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከ«ሀ» ተነሥቶ እየቆጠረ ከመጣ ግን ያወቀው ተራውን ነው ማለት ነው። መፈተኛው ለልጁ ሳይሆን ለእናንተ ነውና በፈገግታ ጀምራችሁ በፈገግታ ጨርሱት።

ነገሩ ለምን ያሳስበናል?

«ዛሬ ባያውቀው ነገ ያውቀዋል» የሚሉ ይኖራሉ። ዕድሜው ለሕፃን ነውና ጥድፊያ እንደማያስፈልግ እኛም እንስማማለን። ይሁንና አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታውቋል። እነዚህ ልጆች ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። ብዙዎቹ ሀሁን አብረው ዘምረዋል ብለን ብንገምት አንሳሳትም።

በዚያው በ2002 ዓ.ም. የቅድመ መደበኛ ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ወጥቶ፣ ከዚያ ወዲህ በብዙ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ኦ ክፍል» ተከፍቷል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በተከሰተው ግጭት የተነሣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ከዚያም በፊት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ዘግተው ነበር። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ደግሞ ሰላም እስኪመለስ አምስት ዓመት ላይ ቆሞ አይጠብቅም። ስለዚህ ፊደልን በቤት ውስጥ፣ ያለ ወጪና ያለ ጥቁር ሰሌዳ ማስጀመር የሚቻልበትን መንገድ ማወቅ ለብዙ ቤተሰብ የግድ ሆኗል።

አባቶቻችን ያውቁት ነበር

ዜማ ብቻውን እንደማይበቃ የጥንት መምህራን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ሀሁን ከዘለቀ በኋላ አቡጊዳ ይሰጠዋል። አቡጊዳ ማለት «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያለ የሚሄድ፣ የፊደሉም የድምፁም ተራ የተለዋወጠበት ገበታ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ልጁ በለመደው ዜማ ተሳፍሮ ማለፍ አይችልም፤ እያንዳንዱን ፊደል ቆም ብሎ ማየት ይገደዳል። በእጁም ሰበዝ ወይም ስንደዶ ይዞ ፊደሉን አንድ በአንድ ይነካል።

በመድረሳችን ደግሞ ሉሕ አለ። ልጁ ከእንጨት በተጠረበው ሰሌዳ ላይ፣ ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም፣ በመቃ ብዕር በገዛ እጁ ይጽፋል። ሲያውቀው ያጥበዋል፤ ሰሌዳው ሲደርቅ እንደገና ይጽፋል። ዛሬ በብዙ ሥፍራ የታተመው ቃዒዳ ሉሑን ተክቶታል። ቃዒዳው ለንባብ ምቹ ነው፤ ይሁን እንጂ ከሉሑ ጋር የእጁ ሥራ አብሮ እንዳይቀር መጠንቀቅ ያሻል።

ጨዋታንም በተመለከተ ኢማም አል-ገዛሊ (ያረፉት በ505 ዓመተ ሂጅራ ነው) «ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» በተባለው መጽሐፋቸው ስለ ልጆች አስተዳደግ ባሰፈሩት ክፍል፣ ልጅ ከትምህርቱ ሲመለስ ድካሙን የሚያወጣበት መልካም ጨዋታ ሊፈቀድለት እንደሚገባ አስረድተዋል። ጨዋታን ከልክሎ ዘወትር በትምህርት ማስጨነቅ የልጁን ልብ እንደሚያሞት፣ ብልህነቱንም እንደሚያጠፋና ከትምህርት የሚያመልጥበትን ዘዴ እንዲፈልግ እንደሚያደርገው ጽፈዋል። እርሳቸው የተናገሩት ከትምህርት በኋላ ስለሚመጣ ጨዋታ ነው። እኛ ደግሞ ለዚህ ዕድሜ ጨዋታው ራሱ ትምህርት ሊሆን ይችላል እንላለን።

እጅ ምን ያስተምራል?

እ.ኤ.አ. በ1907 ማሪያ ሞንቴሶሪ የተባሉ ጣሊያናዊት ሐኪም በሮም ከተማ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሆች ሰፈር ለሕፃናት አንድ ቤት ከፈቱ። ከብርጭቆ ወረቀት ፊደል እየቆረጡ በሰሌዳ ላይ በመለጠፍ፣ ልጆች ሻካራውን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ የፊደሉን ድምፅ እንዲያሰሙ ያደርጉ ነበር። ልጆቹም ከማንበባቸው በፊት መጻፍ ጀመሩ። ይህ ዘዴ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተሠርቶበታል።

በቅርብ ጊዜ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ በአሜሪካ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች ማንበብ ያልጀመሩ የአምስት ዓመት ልጆችን መርምረው ነበር። ልጆቹ አንዳንዱን ፊደል በእጃቸው ጻፉ፤ አንዳንዱን በተሠራ መስመር ላይ ደገሙት፤ አንዳንዱን ደግሞ በኮምፒዩተር ቁልፍ ተጫኑት። ከዚያ በኋላ ፊደሎቹን ሲያዩ በንባብ ጊዜ የሚሠራው የአንጎል ክፍል ይበልጥ የተነቃቃው ራሳቸው በነፃ እጅ ለጻፏቸው ፊደሎች ነበር።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር እንማራለን። በነጥብ ላይ መድገም መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ልጁ መስመሩን ከተከተለ በኋላ ምሳሌው ተሸፍኖ፣ ፊደሉን ከልቡ አውጥቶ መሥራት አለበት። የሠራው ፊደል ቢንጋደድም ግድ የለም። እጁ የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚታጠፍ ሲወስን ዓይኑም ልዩነቱን መያዝ ይጀምራል።

በቴሌቪዥንና በስልክ የሚቀርቡ የልጆች ዝግጅቶችም የራሳቸው ጥቅም አላቸው። የአንደኛ ክፍል መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር ያዘጋጁት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን ያገኘው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ለብዙ ሕፃናት ፊደልን አስወድዷል። ነገር ግን ስልኩ ዓይንና ጆሮን እንጂ እጅን አያሠራም። ዝግጅቱ ሲያበቃ ልጁ ያየውን ፊደል በጭቃ እንዲሠራው ብንጋብዘው ትምህርቱ ይሟላል።

በቤታችን ባለ ዕቃ

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸው ጨዋታዎች አንድም ብር አይጠይቁም። በቀን ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ልጁ ገና ሳይሰለች ማቆም ለነገው ፍላጎቱን ያቆያል።

1ኛ. ድምፅ ይቅደም። ፊደሉን ከማሳየት በፊት ጆሮን ማሠልጠን ይገባል። «በ ብሎ የሚጀምር ነገር ፈልጉ» በሏቸው። በሬ፣ በግ፣ በር፣ በቆሎ እያሉ ይሽቀዳደማሉ። ይህን ጨዋታ ፊደል ያልቆጠረች እናትም እንጀራ እየጋገረች ልታጫውት ትችላለች። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያነበቡ አያቶችም የረሱትን እያስታወሱ አብረው ቢጫወቱ ደስታው የሁለቱም ነው።

2ኛ. አሸዋ በሰፌድ። በሰፌድ ወይም በትሪ ላይ ስስ አሸዋ ነስንሳችሁ ፊደሉን በጣታችሁ ጻፉ። ልጁ በጣቱ ይከተል፤ ድምፁንም ያሰማ። ከዚያ ሰፌዱን ነቅነቅ አድርጋችሁ አጥፉትና ብቻውን ይጻፈው። ሉሕን ማጠብ እንደማለት ነው። በአሸዋ ፋንታ ጤፍ ወይም ዱቄት ባትጠቀሙ እንመርጣለን፤ ምግብ መባከኑ ለልጁ መልካም ትምህርት አይሆንምና።

3ኛ. የ«በ» ቤት በጭራሮ። ፊደላችን 33 ሆኖ እያንዳንዱ ሰባት መልክ ስላለው 231 ይሆናል። ቁጥሩ ትልቁንም ሰው ያስደነግጣል። ልጁ ግን 231 እንግዳ ነገር አይጠብቀውም፤ የሚጠብቀው 33 አካልና ሰባት ጠባይ ነው። ለዚህ «በ» ጥሩ መጀመሪያ ነው። ሦስት ጭራሮ ይበቃዋል፤ ሁለቱ እግር፣ አንዱ ከላይ ተጋድሞ ጣሪያ ይሆናል። በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ አጭር ጭራሮ ወደ ውጭ ሲጨመር «ቡ» ይሆናል። ያቺው አጭር ጭራሮ ወደ እግሩ ጫፍ ስትወርድ «ቢ»፣ የግራው እግር ሲያጥር «ባ»፣ በቀኝ እግር ጫፍ ትንሽ የጭቃ ቀለበት ሲታከል «ቤ»፣ በግራው እግር ወገብ ላይ ጭረት ሲወጣ «ብ»፣ የቀኙ እግር ሲያጥር ደግሞ «ቦ» ይሆናል። ልጁ እግር እየሰበረ፣ ቀለበት እያደረገ ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ በእጁ ያያል። ከዚያ ወደ «ሰ»፣ ወደ «ከ» መሻገር ቀላል ነው። እንደ «ረ» እና «ፈ» ያሉት ጠባያቸው ለየት ስለሚል በኋላ ይምጡ።

4ኛ. ኮፍያ ያደረጉ ፊደሎች። «ሰ» በራሱ ላይ ኮፍያ ሲያደርግ «ሸ» ይሆናል። እንዲሁም «ተ» «ቸ»ን፣ «ነ» «ኘ»ን፣ «ከ» «ኸ»ን፣ «ዘ» «ዠ»ን፣ «ደ» «ጀ»ን ይሰጣል። ስድስቱንም በአንድ ዘዴ መያዝ ይቻላል። በከተማችን ስም ውስጥ እንኳ ይህ ጨዋታ አለ። «ደጀን» ስንል መጀመሪያ «ደ» ባዶ ራሱን ይመጣል፤ ቀጥሎ ያው «ደ» ኮፍያ አድርጎ «ጀ» ሆኖ ይከተላል። የብቸና ልጆችም በከተማቸው ስም ውስጥ ኮፍያ ያደረገውን «ተ» ይፈልጉ።

5ኛ. ቅልብልቦሽ። በአምስት ጠጠር ላይ አምስት ፊደል ጻፉ። ልጁ አንዱን ወደ ላይ ወርውሮ ሲቀልብ የያዘውን ያነባል። እዚህ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ጠጠሩ እንዳመጣው ነው። አቡጊዳ የሚሠራውን ሥራ ጠጠሩ ይሠራዋል ማለት ነው።

6ኛ. ገልና ጠመኔ። የተሰበረ ምጣድ ገል ጥቁርና ለስላሳ ነው። ስለታሙን ጠርዝ በድንጋይ ፈግፍጋችሁ ካለዘባችሁት ጥሩ ሰሌዳ ይሆናል። ጠመኔ ባይኖር በዓባይ በረሃ የሚገኘው ጀሶ ይጽፋል፤ ጠመኔ የሚሠራውም ከጀሶ ነው።

ሁለት ፊደል ለአንድ ልጅ

የእኛ ልጆች ከሌላው የሚለዩበት አንድ ነገር አለ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ፊደል ይገጥማቸዋል። አንዱ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። አንዱ ድምፁን በአካሉ ላይ ይሸከማል፤ ሌላው በፈትሐ፣ በከስራና በዶማ ከላይና ከታች ይቀበላል። አንዳንድ ወላጅ ይህን ፈርቶ አንዱን ያስቆማል። እኛ ግን ማስቆም ሳይሆን መለየት ይበጃል እንላለን።

በመጀመሪያ ጊዜውን ለዩ። ለምሳሌ ጠዋት ሀሁ ከሆነ፣ ከዐስር በኋላ አሊፍ ባ ይሁን። በአንድ ቀን ከሁለቱም አዲስ ፊደል አታስጀምሩ። ሁለተኛ፣ መነሻውን ለዩ። ለሀሁ በሰፌዱ ግራ ጎን፣ ለአሊፍ ባ በቀኝ ጎን አንድ ጠጠር አስቀምጡ። ልጁ እጁን ከጠጠሩ አጠገብ ያስነሣል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጠጠሩ አያስፈልገውም።

የዐረብኛውን ፊደል በተመለከተ ዋናው ችግር ነጥቡ ነው። ከ28ቱ ሑሩፍ 15ቱ ባለ ነጥብ ናቸው። ባ፣ ታ እና ሣ ደግሞ አካላቸው አንድ ሆኖ የሚለያዩት በነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ ጎድጎድ ያለ ታንኳ የሚመስለውን አካል ከጭቃ ሠርታችሁ ለልጁ ጥቂት ሽምብራ ስጡት። አንድ ሽምብራ ከታች ሲያስቀምጥ ባ፣ ሁለት ከላይ ሲያስቀምጥ ታ፣ ሦስት ከላይ ሲያስቀምጥ ሣ ይሆናል። ጂም፣ ሐ እና ኻም እንዲሁ ናቸው፤ አንዱ ነጥቡን በሆዱ ይይዛል፣ አንዱ ባዶ ነው፣ አንዱ በራሱ ላይ ያደርገዋል። ነጥቡን በገዛ እጁ ያስቀመጠ ልጅ በቃዒዳው ላይ ሲያየው ዝም ብሎ አያልፈውም።

ልናስተውላቸው የሚገቡ ነገሮች

አንዳንድ አባቶች «የቁርኣንን ፊደል በጭቃና በአሸዋ ማድረግ ከክብሩ አያጎድልም ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ከመልካም ልብ የመጣ ነውና ልናከብረው ይገባል። በጨዋታው የምንሠራው ነጠላ ፊደሎችን ብቻ ይሁን፤ የአላህን ስምና የቁርኣን አንቀጽ በጭቃም በአሸዋም አንሥራ። ፊደሎቹም በሰፌድ ወይም በሰሌዳ ላይ እንጂ እግር በሚረግጠው መሬት ላይ አይሁኑ። ጨዋታው ሲያልቅ ልጁ ራሱ ሰብስቦ በሥፍራው ያስቀምጥ። እንዲህ ሲደረግ ልጁ ከፊደሉ ጋር አደቡንም ይማራል።

ሽምብራና ጠጠር ለታናናሾች አደገኛ ናቸው። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ወደ አፉ ወይም ወደ አፍንጫው ሊከተው ስለሚችል ጨዋታው በትልቅ ሰው ዓይን ሥር ይሁን። የጭራሮ ጫፍ ሹል አይሁን። ከጭቃ ሥራ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ልጅን ከልጅ አታወዳድሩ። «የጎረቤቱ ልጅ ጨርሷል» የሚል ቃል የጨዋታውን ደስታ ያጠፋል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ፊደል በቂ ነው። የመጀመሪያዎቹ ደግሞ የራሱ ስም ፊደሎች ቢሆኑ ይመረጣል፤ ከስሙ ይልቅ የሚወደው ቃል የለምና።

በመጨረሻም ዜማውን አትተዉት። ሀሁን በዜማ ማወቅ ተራውን ያስይዛል፣ ያስደስታል፣ መዝገበ ቃላት ለመፈለግም ኋላ ይጠቅማል። እኛ የምንለው ዜማው እጅን ያስከትል ነው።

ውድ እናቶችና አባቶች፣ ትምህርት ቤቱ የተከፈተላችሁ የመምህሩን ሥራ በቤት አግዙት። ያልተከፈተላችሁም እጃችሁ ባዶ አይደለም። አንድ ሰፌድ፣ አንድ እፍኝ አሸዋና ሩብ ሰዓት ካላችሁ ዛሬ ማታ ከልጃችሁ ስም የመጀመሪያውን ፊደል መጀመር ትችላላችሁ። በቤት ያሉ ታላላቆችም ታናናሾቻቸውን ቢያጫውቱ የራሳቸው ንባብ ይጠነክርላቸዋል።

አላህ (ሱ.ወ.) ለልጆቻችን ጠቃሚ ዕውቀትን፣ ለአገራችን ሰላምን ይስጥልን። አሚን። ጨዋታዎቹን ሞክራችሁ ያገኛችሁትን ውጤትና በየአካባቢያችሁ ያሉትን ሌሎች ዘዴዎች በደብዳቤ ብትገልጹልን ለሌሎች እናካፍላለን። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።